ጤፍ እየበላሁ ደሜ እንዴት አነሰ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? ባለፈው እትም ላይ ስለምትበሉት ነገር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እናንተም አላሳፈራችሁኝም፣ ከባህር ዳርና ከጣና ዙሪያ ብቻ የመጣው ጥያቄ ራሱ አምዱን ለወራት ይሞላዋል። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ደጋግማችሁ ያነሳችሁትንና ዝም ብዬ ባልፈው ህሊናዬ ማይፈቅድልኝን መርጫለሁ። ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው፣ ብዙዎቻችሁ ጎደለን ምትሉትን ነገር ከፋርማሲና ከሱፐርማርኬት ነው ምትፈልጉት፣ ስንት ብር ነው ምታወጡበት፣ ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዛው ጓዳችሁ ውስጥ አለ፣ በስንት ሰአት ተበላ፣ ከምን ጋር ተበላ፣ ቤት ውስጥ ማን በላው ሚለው ላይ ነው ሚበላሸው። በቃ ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

ጥያቄ፦ "27 አመቴ ነው፣ አባይ ማዶ ነው ምኖረው፣ አንድ ልጅ አለኝ። ከሶስት ወር ወዲህ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ጸጉሬ ይረግፋል፣ ጠዋት መነሳት ያቅተኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ሲለካ ሄሞግሎቢንሽ 9.6 ነው አሉኝና የአይረን ኪኒን ሰጡኝ። ግራ የገባኝ ምን መሰለሽ፣ ጤፍ ደም ነው ይባላል አይደል፣ እኔ ደሞ በቀን ሶስቴ እንጀራ ነው ምበላው ያውም ቀይ ጤፍ። ታዲያ እንዴት ደሜ አነሰ? ኪኒኑን ትቼ በምግብ ባስተካክለውስ?"

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ኪኒኑን ዋጪ። ይሄን በግልጽ ልንገርሽ፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከወረደ ደም ማነስ ነው ሚባለው፣ 9.6 ላይ ሆነሽ በምግብ ብቻ እመለሳለሁ ካልሽ በጣም ብዙ ወር ትደክሚያለሽ። ኪኒኑ ይሙላው፣ ምግቡ ደሞ የሞላው ተመልሶ እንዳይጎድል ይጠብቀው።

ደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን ሚባል ነገር አለ፣ መሀሉ ላይ ብረት አለው፣ ኦክስጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ለጡንቻ፣ ለልብ፣ ለጭንቅላት ሚያደርሰው እሱ ነው። ብረት ሲያንስ ተሸካሚው ያንሳል፣ ተሸካሚው ሲያንስ ልብሽ ባሉት ጥቂቶቹ ቶሎ ቶሎ ማመላለስ አለበት፣ ደረጃ ላይ ድው ድው ሚልሽ ለዛ ነው። ድካሙም ጸጉሩም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

አሁን ወደ ጤፉ እንምጣ። ጤፍ ብረት አለው፣ ያሉሽ ሰዎች አልዋሹም። ግን በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት የተወሰነው የእህሉ ሳይሆን የአፈሩ ነው፣ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ አብሮት ይገባል፣ የአፈር ብረት ደሞ ሰውነታችን እምብዛም አይወስደውም። የራሱ የእህሉ ብረትም ቢሆን ፋይቴት ሚባል ነገር ጠፍሮ ይዞታል፣ አንጀት ላይ ደርሶ ሳይፈታ ያልፋል። ለዛ ነው ከስጋ፣ ከጉበት፣ ከአሳ የሚመጣው ብረት ከመቶ ከ15 እስከ 35 ያህሉ ወደ ደም ሊገባ ሲችል የእህልና የጎመኑ ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 እንኳን ማይሞላው። እዚህ ላይ እናቶቻችን ትልቅ ስራ ሰርተውልናል፣ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሶስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ እየተሰባበረ ይሄዳል ብረቱም ይፈታል፣ ስለዚ ቸኩላችሁ ዛሬ አቡክታችሁ ዛሬ ምትጋግሩት አፍለኛ እንጀራ ቢጣፍጥም በዚህ በኩል በደንብ የቦካውን አያክልም።

ዋናው ግን ቡናው ነው። አንቺ ባትጽፊውም እኔ ልጠይቅሽ፣ ምሳ እንደበላሽ ቡና ይፈላል አይደል? ባለፈው አንዲት ማውቃት ሴት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ፣ ምሳ ተበልቶ ገበታው ገና አልተነሳም፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ተቀዳ። ሴትየዋ ከረከቦቱ ጫፍ ላይ ከፌስታል ውስጥ አንድ ቀይ ኪኒን አወጣችና በቡናው ዋጠችው። ምንድነው አልኳት፣ "የደም ኪኒን ነው፣ አራት ወሬ ነው ምንም ለውጥ አላየሁም" አለችኝ። አራት ወር ሙሉ ኪኒኑን በቡና! ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ታኒን እና መሰሎቹ ብረቱን ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል፣ ቡናም ብዙ አይርቅም። ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር ደሞ አለ፣ ከምግብ አንድ ሰአት በፊት የተጠጣ ቡና ብረቱን አይነካውም፣ ከበላን ከአንድ ሰአት በኋላ ሲጠጣ ግን ምግቡ ገና አንጀት ውስጥ ስላለ አብሮ እንደተጠጣ ነው ሚቆጠረው። ስለዚ ቡናሽን ተይ አልልሽም፣ ጎረቤት ሚሰበሰብበት፣ ሀዘንም ደስታም ሚወራበት ነገር እንዴት ይተዋል፣ ሰአቱን ብቻ ቀይሪው። ምሳሽን 6 ሰአት ተኩል ከበላሽ ቡናውን 10 ሰአት ላይ አፍሊው፣ ወይ ደሞ ረፋድ 4 ሰአት ላይ።

ቡና ሚያግደውን ሎሚ ይከፍተዋል። ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ከምግቡ ጋር ሲበላ የእህሉንና የጎመኑን ብረት አሟሙቶ ያስገባዋል፣ ለዛ ብዬ ነው ጎመንና ምስር ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ሽሮ በጥሬ ቃሪያና በቲማቲም ብሉ እያልኩ ምጨቀጭቀው። ከዘጌ በጀልባ ሚመጣው ሎሚ ገበያችን ላይ አለ፣ ዘይቱና በወቅቱ አለ፣ ዘይቱና ደሞ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ኪኒንሽንም በውሃ ወይ በሎሚ ውሃ ዋጪው፣ በወተትም አይሁን፣ በሻይም አይሁን። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ ኖርማል ነው። ሆድሽን ከረበሸሽ ከምግብ ጋር አርጊው፣ እንዳታቋርጪው ብቻ፣ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ለተወሰነ ወር መቀጠል አለበት ምክንያቱም ሰውነትሽ ብረት ሚያስቀምጥበት ጎተራ ባዶ ነው። የወር አበባሽ ብዙ ሚፈስ ከሆነ ለባለሙያው ንገሪ፣ የሰገራ ምርመራም ጠይቂ፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ሚመጥ ትል ካለ ከላይ ብትሞዪው ከታች ይፈሳል።

ጥያቄ፦ "የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሩቅ ያለው ሰሌዳ አይታየኝም። እናቴ መነጽር ከማድረግህ በፊት ካሮት ብላ ትለኛለች፣ በየቀኑ ጥሬ ካሮት እበላለሁ ግን ለውጥ የለም።"

መልስ፦ እናትህ ያለችው ግማሹ ትክክል ነው። ካሮት ውስጥ ያለው ነገር ሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀየራል፣ ቫይታሚን ኤ ሲጠፋ አይን በጨለማ ማየት ያቅተዋል፣ ዳፍንት ሚባለው ማለት ነው፣ ሲብስ ደሞ አይኑን ራሱ ያደርቀዋል። ሰሌዳ ከሩቅ አለመታየት ግን የአይን ቅርጽ ጉዳይ ነው፣ ካሮት በኩንታል ብትበላ አይስተካከልም፣ ሄደህ ታይተህ መነጽርህን አድርግ፣ ትምህርትህ እየተጎዳ ነው። ካሮቱን ግን አትተው፣ ትንሽ ዘይት ነክቶት ይብሰል፣ ቫይታሚን ኤ በቅባት ነው ሚገባው፣ ጥሬውንና ደረቁን ስትበላው ብዙው ዝም ብሎ ያልፋል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዱባና ጎመንም እንደዛው ናቸው።

ጥያቄ፦ "እህታችን እንደምን አለሽ። ከጎርጎራ በኩል ነኝ፣ ስራዬ አሳ ማስገር ነው፣ ሶስት ልጆች አሉኝ። የመጨረሻዋ 8 ወሯ ነው፣ መሀለኛው ሁለት አመት ሊሞላው ነው ግን ከእኩዮቹ አንጻር አጭር ነው፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ለክታው ቀንጭሯል አለችን። ምንይዘውን አሳ ሸጠን ዘይትና ማካሮኒ እንገዛለን። ባለቤቴ ጾም ሲሆን ለልጆቹም የጾም ነው ምትሰራው። ምን ብናበላው ነው ሚያድገው?"

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ አመሰግንሃለሁ ልጄ አጭር ነው ብለህ ስለጻፍክ፣ ብዙ አባት "በአባቱ ወጥቶ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ብቻህን አይደለህም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት አመት በታች ካሉት ህጻናት ከመቶ 46 ያህሉ ቀንጭረው ነው የተገኙት፣ ከአገሪቱ አማካይ ከ38 ከመቶ ሁሉ በላይ ማለት ነው። እህል ሚተርፍበት፣ ከብት ያለበት፣ ጣናን ሚያክል ሀይቅ ያለበት አገር ነው እኮ። እህል ሆድ ይሞላል፣ ቁመትና አእምሮ ግን በእህል ብቻ አይሰራም።

አንተ በየቀኑ መረብህ ውስጥ ምታወጣው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርህ። 100 ግራም የበሰለ የቀረሶ አሳ ወደ 26 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ያውም የተሟላ ፕሮቲን፣ ሰውነት ራሱ ሊሰራቸው ማይችላቸው የፕሮቲን ክፍሎች ሁሉ አሉበት። ፕሮቲን ማለት የቤት ግድግዳ ሚሰራበት ጭቃና እንጨት በለው፣ ማካሮኒው ደሞ ለሰራተኛው ምሳ ነው፣ ሰራተኛው ጠግቦ እቃ ከሌለ ግድግዳው አይነሳም። ሌላ ደሞ ቢ12 ሚባል ቫይታሚን አለ፣ ደም ለመስራትና ነርቭን ለመጠበቅ ነው፣ ከእህልና ከአትክልት አይገኝም፣ ከስጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከአሳ ነው ሚገኘው። ትልቅ ሰው ጉበቱ ውስጥ የአመታት ስንቅ ስላለው ጾም አይጎዳውም፣ ስምንት ወር የሆናት ልጅ ግን ስንቅ የላትም፣ እለት እለት ነው ምትፈልገው።

አንድ ጠዋት ባህር ዳር ሀይቁ ዳር አሳ ሲገፈፍ ቆሜ አይቼ ነበር። ልጁ በቢላዋው ሁለቱን ጎን ሸርፎ ያወጣና ጭንቅላቱንና የጀርባ አጥንቱን ይወረውረዋል፣ ትልልቆቹ ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቁታል፣ መሬት ሳይወድቅ ይውጡታል። አጥንቱ ላይ የቀረውን ስጋ ሳይ፣ ጉንጩ ስር ያለውን ለስላሳውን ሳይ፣ የአንድ ህጻን የቀን ምግብ እዛ ላይ ነበረ። ሽያጩን ተው አልልህም፣ ኑሮህ እሱ ነው፣ ግን በቀን አንዲት ትንሽ ቀረሶ ወይም ያንን የተረፈውን አጥንት ለልጆቹ አስቀር። ቀቅላችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ ስጋውን በጣት እየዳሰሳችሁ እሾሁን አንድ በአንድ አውጡ፣ በአይን ብቻ አትመኑ በጣት ነው ሚገኘው፣ ከዛ አፍርሳችሁ ከገንፎ ጋር፣ ከድንች ጋር፣ ከሽሮ ጋር አዋህዱት። ገንፎው ከማንኪያ ማይንጠባጠብ ወፈር ያለ ይሁን፣ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል ግን ውሃ ነው። ለትንሿ በቀን ሁለት ሶስቴ ይበቃታል፣ ጡቷ ግን አይቋረጥባት፣ ለሁለት አመቱ ሶስት አራቴ ስጡት፣ መሀል ላይ ደሞ ማንጎም ሙዝም።

ስለ ጾሙ፣ ቤተክርስቲያናችን ህጻን አታስጾምም፣ ከሰባት አመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ ይነግሯችኋል። ብዙ እናቶች ግን ልጁን አስጹመው ሳይሆን ድስቱና ማንኪያው ይነካካብኛል ብለው ነው ሚተዉት፣ ይገባኛል፣ እናቴም እንደዛ ነበረች። ለልጆቹ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለብቻ ግዙላቸው፣ መደርደሪያውም ለብቻ ይሁን፣ ባለቤትህ ያኔ ልቧ ያርፋል። የተወለደ ልጅ እስከ ሁለት አመቱ ድረስ ያለው ጊዜ በጣም ወሳኝ ነው፣ የመሀለኛው ጊዜ እየጠበበ ነው፣ የትንሿ ግን ሙሉ እጅህ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ "ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል። ካልሲየም ከየት ላግኝ?"

መልስ፦ እርጎና አይብ ሞክሪ፣ ወተቱ ሲረጋ ሆድ ሚነፋው ስኳር በከፊል ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይስማማዋል። ሌላው ደሞ የኛው የጎጃም ዳጉሳ ነው፣ 100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ ወደ 340 ሚሊግራም ካልሲየም አለ፣ ስንዴ አጠገቡ አይደርስም፣ ትልቅ ሰው ደሞ በቀን 1000 ሚሊግራም ያህል ነው ሚያስፈልገው። የድሀ እህል እያላችሁ አትናቁት፣ ከጤፍ ጋር ቀላቅላችሁ ጋግሩት፣ ለልጆችም በገንፎ።

ጥያቄ፦ "ቅዳሜ ገበያ ላይ በጣሳ ሚሰፈረው ጨው ከታሸገው ይረክሳል፣ ልዩነት አለው? እናቴ እንቅርት ነበረባት፣ እኔም ነፍሰጡር ነኝ ፈራሁ።"

መልስ፦ ፍርሃትሽ ትክክለኛ ነው፣ እንኳን ጠየቅሽ። እንቅርት ሚመጣው በብዛት በአዮዲን እጥረት ነው፣ አንገታችን ላይ ያለችው እጢ አዮዲን ስታጣ ከትንሹ ብዙ ለመያዝ እየተለጠጠች ትተልቃለች። እንደኛ ባለ ደጋ አገር አዮዲኑን ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ ጠርጎ ስለወሰደው እህሉም ጎመኑም ትንሽ ነው ያለው። ነፍሰጡር ላይ ደሞ ከእንቅርቱ በላይ ሚያሰጋው የጽንሱ አእምሮ ነው፣ አእምሮው ሲሰራ አዮዲን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሰው ምግብ ሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጥቷል፣ በጣሳ ሚሰፈረው ግን ኖረውም አልኖረውም አይታወቅም፣ ቢኖረውም ጸሀይ ላይ ተዘርግቶ ውሎ፣ ዝናብ ነክቶት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገውን ግዢ፣ ክዳን ባለው እቃ ከምድጃውና ከጸሀዩ አርቀሽ አስቀምጪ፣ ወጡ ላይ ደሞ ሊወርድ ሲል ጨምሪው፣ ከሽንኩርቱ ጋር ሲቁላላ ከገባ አዮዲኑ ይተናል። ጨው አብዢ አላልኩም ግን፣ በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ በወጡም በዳቦውም ያለው ተደምሮ። የነፍሰጡር ክትትልሽ ላይ ሚሰጡሽን አይረንና ፎሊክ አሲድም እንዳታቋርጪ።

ጥያቄ፦ "22 አመቴ ነው፣ ከሽምብጥ ነኝ፣ ጂም እሰራለሁ፣ ክብደቴ 65 ነው። አሰልጣኙ ፕሮቲን ፓውደር ካልወሰድክ ጡንቻ አታወጣም ይለኛል፣ ዋጋው የወር ደሞዜን ሊጨርስ ነው። ደሞ እጾማለሁ።"

መልስ፦ ወንድሜ ገንዘብህን ያዝ። ክብደት ሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል፣ ላንተ ወደ 104 ግራም ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ በምግብ ይሞላል። በፍስኩ እንቁላል አለህ አንዱ 6 ግራም አካባቢ ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ደጅህ ላይ አሳ አለ፣ ከላይ ለጎርጎራው ወንድማችን የጻፍኩትን አንብበው።

በጾሙ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ በቆልቱ አለ፣ ደረቅ ጥራጥሬ ከመቶ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። እንጀራን በሽሮ መብላታችን ዝም ብሎ ልማድ እንዳይመስልህ፣ እህል ላይሲን ሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል ጥራጥሬው ደሞ በሱ ሀብታም ነው፣ ጥራጥሬው ሚያንሰውን እህሉ ይሞላለታል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ለስጋ ይቀርባሉ። ብዙ ወጣት ረስቶት ያለው ግን ግብጦ ነው። መንገድ ዳር በብርጭቆ እየሰፈሩ ሚሸጡት ያ ቢጫ ግብጦ ከደረቅ ክብደቱ ሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ከባቄላም ከሽምብራም ይበልጣል። አያቶቻችን ቆልተው በጨርቅ ወይ በጆንያ ቋጥረው ወንዝ ውስጥ ለቀናት ሚያስቀምጡት ምሬቱ እንዲወጣ ነው፣ ምሬቱ ጣእም ብቻ አይደለም መርዝ ነው፣ በደንብ ያልታጠበ ግብጦ ያስመልሳል፣ ራስ ያዞራል፣ አይን ያደበዝዛል። ቀምሰህ ከመረረህ ትፋው። ካልመረረህ ከጂም ስትወጣ አንድ ብርጭቆ ግብጦና አንድ ሙዝ በቂህ ነው።

ጥያቄ፦ "ልጄ፣ ፎገራ ነው ምኖረው፣ 61 አመቴ ነው። ሩዙ ከተነሳ በኋላ በእርጥበቱ ጓያ እንዘራለን። ዘንድሮ ምስርም ሽምብራም ተወደደብንና ከጥቅምት ጀምሮ ሽሮውም ቂጣውም ጓያ ነው። ጓያ ይሰብራል ይላሉ፣ አንዳንዱ ሚሰብረው ሲቀቀል እንፋሎቱ ነው ይላል። 17 አመት የሞላው የልጅ ልጄ ከሰሞኑ እግሬን ያዘኝ፣ ስነሳ ይተሳሰርብኛል ይላል። ከጓያው ይሆን?"

መልስ፦ እናቴ፣ ይሄን ደብዳቤዎን ሳነብ ሌላውን ሁሉ ትቼ ቀድሜ ለእርስዎ መልስ ላኩ፣ እዚህ ምጽፈው ለሌሎችም እንዲደርስ ብዬ ነው።

ጓያ ክፉ እህል ሆኖ አይደለም። ድርቅ ይችላል፣ ውሃ የተኛበትን መሬት ይችላል፣ ፕሮቲኑም ከምስር አያንስም፣ ሌላው ሲከዳ እሱ ነው ገበሬውን ሚያተርፈው። ግን ውስጡ ነርቭን ሚጎዳ መርዝ አለ። ለቅምሻ ሲበላ፣ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ሰውነት ይችለዋል፣ ከምግቡ ሲሶውን ሲያልፍና ለሁለት ሶስት ወር ሲቀጥል ግን ከወገብ በታች ያለውን ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ይገተራል፣ ሰው በጣቱ ጫፍ መሄድ ይጀምራል፣ ከዛ በምርኩዝ፣ ከዛ መዳህ። አንዴ ከሰበረ ሚመልሰው መድሀኒት የለም። ደንቢያ ላይ፣ ከእናንተ ሀይቁን ተሻግሮ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል፣ ሚበዙት ደሞ ልክ እንደ ልጅ ልጅዎ ወጣት ወንዶች ነበሩ። እንፋሎቱ ሚለው ወሬ እውነት አይደለም፣ በእንፋሎቱ ማንም አይሰበርም፣ በመብላት ነው፣ ይሄንን ለጎረቤትም ይንገሩልኝ ምክንያቱም ከእንፋሎቱ እየሸሸ ቂጣውን ሚበላ ሰው አለ።

አሁን ሚያደርጉትን ልንገርዎት። ለልጁ ከዛሬ ጀምሮ ጓያ በምንም መልኩ አይስጡት፣ ሽሮውም ቂጣውም እሸቱም ቆሎውም። የእርስዎ ድርሻ ሩዝ ካለዎት ሩዙን፣ ዳጉሳና በቆሎ ካለ እሱን ለሱ ይተውለት። ለቀረው ቤተሰብ ጓያ መብላት ግድ ከሆነ ፍሬው ሳይፈጭ በሙቅ ውሃ ይዘፍዘፍ፣ ይደር፣ ውሃው ይደፋ፣ በሌላ ውሃ ይቀቀል፣ ያም ውሃ ይደፋ። መርዙ በውሃ ሚሟሟ ስለሆነ ብዙው አብሮ ይሄዳል፣ ሁሉም ግን አይሄድም፣ ስለዚ ከዛ በኋላም አንድ እጅ ጓያ ከሆነ ሶስት እጅ ሌላ እህል ይሁን፣ የቂጣውን ሊጥ ደሞ አቡኩት፣ መቡካቱም ይቀንሰዋል። መዘፍዘፊያውን ውሃ ለማንም አይስጡ፣ ለከብትም ቢሆን።

ልጁን ደሞ የገበያ ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ፣ ከመቼ ጀምሮ ጓያ እንደሚበላና በቀን ስንቴ እንደሚበላ ቁጭ ብለው ይንገሯቸው፣ ከጠረጠሩ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉለት። መተሳሰሩ ገና ሲጀምር ጓያውን ያቆመ ሰው ባለበት ሊቆምለት ይችላል። ሲሄድ ከኋላው ሆነው እግሩን ይዩት፣ ተረከዙ መሬት ይነካል ወይስ በጣቱ ነው ሚረግጠው? ያዩትን ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።